ስለ ሰማንያ ስምንት መዶሻዎች ይቅርታ

ቪየና፣ ጥቅምት 17 ቀን 1907

ውድ ቬንደሊን፣

ባለፈው ወር መጨረሻ ከአባቴ የደረሰህ ደብዳቤ እውነት አይደለም። አባቴ ግን አልዋሹም። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ይህችን ለመጻፍ ሦስት ወረቀት አበላሽቻለሁ፤ አራተኛው ይኸው ነው፤ ቢበላሽም እንደተበላሸ ፖስታ ቤት ይገባል።

«ፒያኖህ ተሸንፏል፤ ዳኛው የገዛ ጆሮዬ ነው፤ መጥተህ እጄን ሳም» የሚለውን ስታነብ ምን እንደሆንክ አላውቅም። ድሮ ስትናደድ ጆሮህ ነበር የሚቀላው። አሁንም ቀልቶ ከሆነ ትንሽ ይብረድልህ፤ ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ።

ከሥሩ ማለት ከዚያች እሑድ ነው። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት፣ የአባቴ ሠራተኛ ሳለህ፣ ሾርባው ገና ሳይቀዘቅዝ፣ አንተ ማንኪያህን አስቀምጠህ «ጌታዬ፣ በእኛ መንገድ የሚሠራ ፒያኖ ከሃያ ዓመት በኋላ ገዢ አይኖረውም» አልክ።

«ለምን?» አሉ አባቴ።

«አዳራሹ ሰፋ። ሽቦውን የሚመታው የእኛ መዶሻ ትንሽ ነው፤ ልባሱም ቆዳ ነው። አዲሶቹ ሠሪዎች መዶሻውን በወፍራም ሱፍ ለብጠው፣ ሽቦውን በብረት ክፈፍ ላይ ወጥረው፣ የመጨረሻው ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ሳይቀር ይሰማዋል።»

«የመጨረሻው ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ርካሽ ትኬት የገዛ ነው። ባይሰማስ ምን አገባው?»

እዚህ ላይ ዝም ብትል ኖሮ ዛሬ ላይፕሲሽ ከተማ አትሆንም ነበር። አንተ ግን «ብረት የሚፈራ ሰው የሕፃን አልጋ ቢሠራ ይሻለዋል» አልክ። አባቴ በዕድሜያቸው ሙሉ ሰው ላይ እጃቸውን አንሥተው አያውቁም። ያን ዕለት ያነሡት ክኔድል የሚሉትን የሊጥ ድብልብል ነበር፤ ትኩስ፣ መረቅ የጠጣ፣ የጨቅላ ሕፃን ጭንቅላት የሚያህል። አንተን ስቶ የግድግዳውን ሰዓት መታው። በሦስተኛው ቀን ዕቃህን ጠቅልለህ ሄድክ፤ ሰዓቱም ከዚያ ወዲህ በቀን ስምንት ደቂቃ ይዘገያል። አባቴ ይህንንም ባንተ ላይ ያሳብባሉ።

ከዚያ የሆነው አንተ ያልከው ነው፤ ሃያ ዓመትም አልፈጀም። መጀመሪያ ቲያትር ቤቶቹ ሄዱ፣ ቀጥሎ ትምህርት ቤቶቹ፣ በመጨረሻም «ያለ ዜሊንገር ፒያኖ ጣቴ አይንቀሳቀስም» ስትል የነበረችው የሐኪሙ ሚስት። ሠራተኞቹ አንድ በአንድ ወጡ። ባለፈው ክረምት እኔና አባቴ ብቻ ቀረን፤ ከእኛ ጋር ደግሞ ተሠርቶ ካለቀ ሁለት ዓመት የሞላው፣ ገዢ አጥቶ ክዳኑን እንደ ክንፍ ዘርግቶ የሚጠብቅ አንድ ባለ ክንፍ ፒያኖ። አባቴ በየማለዳው ከላዩ አቧራ ይጠርጉና ፊት ለፊቱ ይቀመጣሉ። ሳል ያዛቸው። ምግብ አስጠላቸው። ሐኪሙ መጥቶ ደረታቸውን አዳመጠና «ሳንባቸው ጤነኛ ነው፤ ሥራ ስጧቸው» ብሎኝ ሄደ። ሥራ ከየት አባቴ አመጣለሁ?

በመጋቢት ያንተ ሣጥን መጣ።

በሣጥኑ ላይ የለጠፍከውን ወረቀት እኔ ነኝ ያነበብኩላቸው። «ጌታዬ፣ ይህን በገዛ እጄ የሠራሁት ነው። ፈትተው ይዩት። አንዲት ጉድለት ካገኙበት መጥቼ እጅዎን እስማለሁ። ካላገኙበት የእርስዎ ይሁን።» ይህን ውርርድ ብዙ ጊዜ አሰብኩበት። ብትሸነፍ ትመጣለህ፤ ብታሸንፍ ፒያኖህን ታጣለህ። እንዲህ ብሎ የሚወራረድ ሰው ወይ ሒሳብ አያውቅም፣ ወይ መምጣት ፈልጎ ምክንያት አጥቷል። አንተ ደግሞ ሒሳብ ታውቃለህ።

አባቴ ደረጃው አናት ላይ በነጠላ ጫማ ቆመው «ይህ ነገር የቤቴን ደፍ አያልፍም» አሉ። የእኛን ፒያኖ አራት ሰው ያነሣዋል። ያንተን ስድስት ወዛደሮች ከጋሪ አውርደው ግቢው መሐል አስቀመጡትና ላባቸውን መጥረግ ጀመሩ። ወይዘሮ ክሬሴንሲያን አትረሳትም፤ የግቢያችን ጠባቂ፣ ጫማህን ሳትጠርግ ስትገባ በመጥረጊያ የምትቀበልህ። እሷ ወገቧን ይዛ መጣች።

«ጌታ ዜሊንገር፣ ይኼ እዚህ ሊያድር ነው? ዝናቡ መጣ እኮ።»

«ይምጣበት።»

«ለእሱ አዝኜ አይደለም። ልብስ የማሰጣበት ቦታ ነው።»

«ያመጣው ሰው ይመልሰው።»

ወይዘሮ ክሬሴንሲያ ሣጥኑን ዞር ብላ አየችው፤ ቀና ብላ ደግሞ ቤታችንን አየችው። «ደፍ አያልፍም አሉ አይደል? መስኮት ደፍ አለው እንዴ?»

አባቴ ብዙ አሰቡ። ሲያስቡ ዝናቡ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። የሥራ ክፍላችን እንደምታውቀው ጥሩ እንጨት ሲረጥብ ማየት የማይችል ሰው ክፍል ነው። «መስኮት ደፍ የለውም» አሉ በመጨረሻ፤ ጥርሳቸውን ነክሰው።

መስኮቱ ከነመቃኑ ወለቀ፤ ፒያኖህ እግሩ ተፈትቶ በገመድ ታስሮ እንደ ታረደ በሬ ተንጠልጥሎ ወጣ። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አየው። ሁለት ቀን መስኮት በሌለው ክፍል ካፖርት ለብሰን ሠራን፤ ሠራን ማለቴ አባቴ ያንተን ፒያኖ ዞሩት።

አራት ወር ሙሉ ዞሩት፣ ቬንደሊን። መጀመሪያ የድምፅ ሳንቃው ሥር ተኝተው ገቡ። ከዚያ በጣታቸው መገጣጠሚያ ያንኳኩ ጀመር፤ ጆሮ ይሰጣሉ፤ እንደገና ያንኳኳሉ። ፒያኖ ሲባል ሰው ሽቦ ይመስለዋል፤ ሽቦ ብቻውን ከትንኝ የተሻለ ድምፅ የለውም፤ የሚዘፍነው ከሥሩ ያለው ስስ ሳንቃ ነው፤ ይህን ያስተማሩን እሳቸው አይደሉም? ጥዱ ፀሐይ በማያገኘው የተራራ ጎን ቀስ ብሎ ያደገ፣ የዕድሜ ቀለበቱ የተጠጋጋ፣ ዓመታት የደረቀ፣ መሐሉ እንደ ድስት ክዳን በትንሹ ጎበጥ ያለ መሆን አለበት። ጉድለት ካለ እዚያ ይኖራል ብለው ነበር። ቀለበቶቹን በማጉያ መነጽር ሲቆጥሩ አገኘኋቸው።

«ስንት ሆነ አባባ?»

«ዝም በይ፤ አጠፋሽብኝ። ከመቶ ሠላሳ በላይ ነው። ይህ ሌባ ይህን የመሰለ እንጨት ከየት አመጣ?»

ሙጫውን አሸተቱት። ማሽተት አልበቃ ሲላቸው ላሱት። «የአጥንት ነው፤ የቆዳ አይደለም» አሉ ደስ ብሏቸው፤ ጉድለት ያገኙ መስሏቸው ነበር። ከዚያ ለራሳቸው «ግን ይዟል» አሉና ደስታቸው ጠፋ። የብረት ክፈፉን ሊሰነጠቅ ይችላል ብለው በሻማ ፈተሹት። ሽቦዎቹ ሁሉ አንድ ላይ ሁለት መቶ ኩንታል ያህል እንደሚጎትቱ ሲያሰሉ ማታ ማታ ከፒያኖው ራቅ ብለው መቀመጥ ጀመሩ። በጣት የሚጫነውን ቁልፍ አውጥተው መዶሻውን ተከታተሉት። የእኛ መዶሻ ቁልፉ ላይ ታዝሎ አብሮ ይነሣል፤ ያንተ ለብቻው ተቀምጦ ቁልፉ ከሥር ሲያስፈነጥረው ተወርውሮ ይመታል፤ እንደ ክኔድሉ። ይህን ለአባቴ ነግሬያቸው አንድ ቀን ሙሉ አላናገሩኝም።

የሚገርመው ግን ሳሉ ጠፋ። በሁለተኛው ወር ሁለት ሰሐን ሾርባ መብላት ጀመሩ። በየሐሙሱ «ዛሬ አገኘዋለሁ» ይሉና አያገኙም፤ ባላገኙ ቁጥር ጉንጫቸው ይቀላል። ሐኪሙ መንገድ ላይ አግኝቶኝ «ምን ሰጠሻቸው?» አለኝ። «ጠላት» አልኩት።

አሁን ወደ ኃጢአቴ ልምጣ።

ፒያኖህ ለትልቅ አዳራሽ የተገራ ነበር። አባቴ ሲወጡ ስነካው በእኛ ዝቅተኛ ጣሪያ ሥር ይጮሃል። ከመሐል ወደ ቀኝ ያለው ድምፅ ጥርስ ያሳክካል። ወይዘሮ ክሬሴንሲያ ከታች በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያዋን እየደበደበች «ወፌ እንቁላል መጣል አቆመች» ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ከአሥራ ስድስት ዓመቴ ጀምሮ ያለኝ ሥራ አንድ ነው፤ ድምፅ መግራት። አንተ ሳንቃ ስትልግ፣ አባቴ ሽቦ ሲወጥሩ፣ እኔ ከጓዳ ተቀምጬ የመዶሻውን ቆዳ እፍቃለሁ፣ እቦርሻለሁ፣ አዳምጣለሁ፤ እንደገና እፍቃለሁ። የሚጮህ መዶሻ አጠገቤ ሆኖ ዝም ማለት አልችልም። ወጥ ሲቃጠል ሸትቶት ዝም የሚል ሰው አለ?

አባቴ ከሰዓት በኋላ ለሁለት ሰዓት ቡና ቤት ሄደው ጋዜጣ ያነባሉ። እንደወጡ የፒያኖህን ሆድ እከፍትና መዶሻዎቹን ከነመደዳቸው እስባለሁ። ቆዳ ይፋቃል፤ ሱፍ ግን መወጋት ነው ያለበት፤ መርፌው ገብቶ ሲያላላው ድምፁ ይለሰልሳል። ይህን ከወሬ በቀር አላውቅም ነበር። እውነቱን ልንገርህና፣ የመጀመሪያውን ቀን የወጋሁት ለድምፁ ብዬ አልነበረም። ለአሥራ አንዱ ዓመት ብዬ ነው። እያንዳንዱን መዶሻ ስምህን እየጠራሁ ወጋሁት። ቬንደሊን፣ አንድ። ቬንደሊን፣ ሁለት። ሰማንያ ስምንት እስኪሞላ።

ውጤቱ አስደንጋጭ ነበር። አምስቱ መዶሻዎች ድምፃቸው ጨርሶ ጠፋ፤ ሲመቱ ትራስ ላይ የወደቀ ዳቦ ይመስላሉ። አባቴ ሊመለሱ ግማሽ ሰዓት ቀርቷቸዋል። ወይዘሮ ክሬሴንሲያ የሸሚዝ መተኮሻዋን ይዛ መጣች፤ እርጥብ ጨርቅ አልብሰን መዶሻዎቹን እንደ አንገትጌ ተኮስናቸው። ሱፉ ጠበቀ፤ ድምፁ ተመለሰ። «ሠላሳ ዓመት ስተኩስ ለዚህ መሆኑን መች አወቅኩ» አለች። ከዚያ በኋላ በንዴት ወግቼ አላውቅም። አምስት ሳምንት ሙሉ አንድ በአንድ፣ በእርጋታ፣ እያዳመጥኩ ሠራሁት። ስጨርስ ያ ግዙፍ ፒያኖህ ድምፁ ሳይደክም ለስልሶ፣ ቤት ውስጥ ካለ ሰው ጋር የሚያወራ ሆነ። አባቴ አላወቁም። በአራት ወር ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ቁጭ ብለው አልተጫወቱበትም፤ ማንኳኳት፣ ማሽተት፣ መላስ ብቻ። መጫወት ለእሳቸው እጅ መስጠት ነበር።

በነሐሴ መጨረሻ ፕሮፌሰር ታሲሎ ሩሽካ መጡ። እሳቸውን አታውቃቸውም፤ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት የሙዚቃ መምህር ናቸው፤ ቀጭን፣ ትሑት፣ ጃንጥላቸውን በየሄዱበት የሚረሱ። ትምህርት ቤቱ ባለ ክንፍ ፒያኖ ይፈልጋል፤ ነገር ግን አዲሱን ዓይነት።

«እኛ ዘንድ አዲስ ዓይነት የለም» አሉ አባቴ። «ጥሩ ዓይነት ነው ያለው።»

ፕሮፌሰሩ ያንተን ፒያኖ በጃንጥላቸው ጫፍ አመለከቱ። «ያስ?»

«እሱ እስረኛ ነው።»

ፕሮፌሰሩ ግራ ገብቷቸው እኔን አዩኝ፤ እኔም ታሪኩን ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡና እንዲህ አሉ፦ «ጌታ ዜሊንገር፣ በማርጋሬተን ሰፈር እንደ እርስዎ ያለ ጆሮ እንደሌለ ሁሉም ያውቃል። እርስዎ ጀርባዎን ሰጥተው ይቁሙ፤ እኔ ሁለቱንም ልጫወት። የሚሻለው ይኼ ነው ያሉኝን ትምህርት ቤቱ ይገዛል። አሮጌው ዓይነት ቢሆንም ከዳይሬክተሯ ጋር እኔ እከራከራለሁ።»

አባቴ እንደዚያ ሲስቁ ካየሁ ቆይቼ ነበር። «ጆሮዬን ዳኛ አደረጉት? እንግዲያው ገንዘቡን ይዘው ይምጡ።» ኮሪደሩ ውስጥ ገብተው ፊታቸውን ወደ ካፖርት መስቀያው አዙረው ቆሙ። መጋረጃውን ሳብኩት። ፕሮፌሰሩ መጀመሪያ የእኛን ተጫወቱ፤ የድሮ የሕፃን ማስተኛ ዜማ። ጥርት ያለ፣ ቶሎ የሚያልቅ፣ እያንዳንዱ ድምፅ እንደ ቃል የሚሰማ። ከዚያ ያንተን፤ ያንኑ ዜማ። ድምፁ እንደተነካ አይሞትም፤ ይቆያል፣ ይሞቃል።

ከመጋረጃው ጀርባ አባቴ በቀስታ «ሁለተኛው» አሉ። «ሁለተኛው የእኔ ነው። የልጄን እጅ ካፖርት ውስጥ ገብቼም አውቀዋለሁ። ሰምተዋል ፕሮፌሰር? ሰው ነው የሚያወራው። የመጀመሪያው ጥሩ ነው፤ ግን ይቸኩላል፤ ወጣት የሠራው ነው።»

ፕሮፌሰሩ አፋቸውን ከፍተው አዩኝ። እኔ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግኩ። አባቴ መጋረጃውን ገልጠው ወጡ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «ልክ ነኝ አይደል፣ ኦቲሊ?»

ቬንደሊን፣ አንተ ብትሆን ምን ትላለህ? ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው።

«ልክ ነዎት አባባ» አልኩ።

ያኔ ውሸቱ ከእጄ ወጣ። በዚያው ሰዓት ላንተ ደብዳቤ ጻፉ፤ ቀለሙ ሳይደርቅ ግን ‹ወሳኝ ነገር በችኮላ አይላክም› ብለው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት፤ የላኩት ከአንድ ወር በኋላ፣ ሠላሳ ጊዜ አንብበው ካሳመሩት በኋላ ነው። ፕሮፌሰሩ ደረጃው ላይ ጠበቁኝ። «እመቤት ኦቲሊ፣ አባትዎ የመረጡትን እገዛለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ። ወዛደሮቹ ሲመጡ የቱን ተሸከሙ ልበላቸው?» አሉ። ጊዜ ይስጡኝ አልኳቸው። ዳይሬክተሯ እስከ መስከረም ማብቂያ ከእረፍት እንደማትመለስ ነግረውኝ ሄዱ፤ ጃንጥላቸውን ረስተው።

አባቴ ድሉን ለብቻቸው መያዝ አልቻሉም። ላንተ የጻፉትን ደብዳቤ ፖስታ ቤት ካስገቡ ከሁለት ቀን በኋላ፣ በወይን ቤት የሚገናኙትን አምስት የድሮ ፒያኖ ሠሪዎች ቤታችን ጋበዟቸው። አምስቱም ሱቃቸውን የዘጉ ናቸው፤ አንደኛው አሁን የሬሣ ሣጥን ይሠራል። የዝይ ጥብስ አዘጋጀሁ። ከምሳ በኋላ አባቴ ተነሥተው ስለ ቆዳና ስለ ሱፍ፣ ስለ እንጨትና ስለ ብረት ንግግር አደረጉ፤ ከዚያም «ያሸነፈው ይኸው» ብለው በራሳቸው ፒያኖ ፊት ተቀመጡ።

ያንኑ የሕፃን ማስተኛ ዜማ ጀመሩ። ሁለት መሥመር ያህል ሄደው ቆሙ። እንደገና ጀመሩ፤ እንደገና ቆሙ። እጃቸውን ከቁልፉ ላይ አንሥተው አዩት፤ የታመመ መስሏቸው ነው። ከዚያ ቀስ ብለው ተነሡና፣ አምስት ሰው እያያቸው፣ ወደ አንተ ፒያኖ ሄዱ። ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጡበት። ሦስት ድምፅ ብቻ ነኩ። ድምፁ እስኪያልቅ ጠበቁ፤ ብዙ ጠበቁ፤ ፒያኖህ ቶሎ አያልቅም።

«ጌቶቼ» አሉ ሳይዞሩ፣ «ወይኑን ጨርሱት።»

እንግዶቹ ወይኑን ከመቼውም ይልቅ ቶሎ ጨርሰው ወጡ። የሬሣ ሣጥን ሠሪው ብቻ በሩ ላይ ቆም ብሎ «አምብሮስ፣ እኔም ብሆን ያንን እመርጥ ነበር» አላቸው። ያጽናናቸው መስሎት ነው።

«ኦቲሊ» አሉኝ አባቴ ስንቀር። «የቱ ነበር?»

«ያ ነበር አባባ። የቬንደሊን።»

«አንቺም ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ግን ያንቺ እጅ ነው የሰማሁት። ጆሮዬ ይህን ያህል አልሞተም። ያንቺ እጅ ነበረበት።»

ከዚህ በላይ መሸሸግ አልቻልኩም። የመርፌዎቹን ነገር ነገርኳቸው፤ የመተኮሻውንም፤ ስምህን መጥራቴን ብቻ ዘለልኩት። ስለ ውሸቱ ይቆጣሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። ስለ ውሸቱ ቃል አልተነፈሱም። ቀስ ብለው ተነሡ፤ ፊታቸው በርበሬ መሰለ።

«የሌላ ሠሪ መዶሻ ላይ? ሳታስፈቅጂ? መርፌ?»

«ይጮህ ነበር እኮ አባባ።»

«ይጩኻ! የራሱ ጩኸት ነው። ሰው እንግድነት መጥቶ ፀጉሩን ትላጪዋለሽ? አሁኑኑ ጻፊለት። ይቅርታ ጠይቂው። የእኔን ደብዳቤ ተይው፤ እሱ ስህተት ነው፤ ስህተት ያልፋል። ያንቺ ግን ነውር ነው።»

ስለዚህ ነው የምጽፍልህ። ሠሪ ለሠሪ እንደሚጠይቀው፣ ስለ ሰማንያ ስምንቱ መዶሻዎችህ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። ጸጸት ግን የለኝም። እንዲህ ያለ ይቅርታ እንደማይቆጠር አውቃለሁ፤ ያለኝ ግን ይኼው ነው።

ከዚያ ሦስት ቀን አልተነጋገርንም። በአራተኛው ቀን ሾርባ እየበላን አባቴ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ሰዓቱን ቀና ብዬ አየሁት፤ ልማድ ሆኖብኝ።

«በእኔ ፒያኖዎች ሁሉ ላይ ሰው ‹የዜሊንገር ድምፅ› የሚለው» አሉ፣ «ያ ድምፅ የማን ነው?»

«የእርስዎ ነዋ። ሳንቃው የእርስዎ ነው።»

«ሳንቃ አላልኩሽም።»

ይህን ብለው ሁለተኛ ሰሐን ሾርባ ጠየቁ። በማግስቱ ወደ ነሐስ ቀራጩ ሄደው፣ በፒያኖ ግንባር ላይ የሚለጠፍ አዲስ የስም ሰሌዳ አዘዙ፤ «ዜሊንገር እና ሴት ልጁ» የሚል። ቀራጩ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ ስለማያውቅ የተሳሳቱ መስሎት «እና ወንድ ልጁ» ብሎ ቀርጾ ላከው። አባቴ ሰሌዳውን ይዘው በእግራቸው ሄዱ፤ ምን እንዳሉት አላውቅም፤ ሁለተኛው ግን በነፃ ተሠራልን።

ፕሮፌሰር ሩሽካ ያንተን ፒያኖ አልወሰዱም። እንዲወስዱ ብንለምናቸውም «እስረኛ አልገዛም» አሉ። ይልቁንስ ዳይሬክተሯን ይዘው መጥተው አሰሟትና፣ ትምህርት ቤቱ ይህን የመሰለ ድምፅ ያላቸው ሁለት ፒያኖዎች አዘዘን። አካላቸው አዲሱን ዓይነት፣ አንደበታቸው የእኛን። አባቴ አሁን ያንተን እንደገና ፈትተውታል። ጉድለት ፍለጋ እንዳይመስልህ፤ ክር ይዘው ይለካሉ፣ ይጽፋሉ፣ ብቻቸውን ያጉረመርማሉ። ትናንት «ይህ ልጅ እዚህ ጋ ያደረጋት ነገር ብልህ ናት» ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ። ሰማሁ ብል ይክዳሉ።

የእኛንም የድሮውን አልሸጥነውም። ማታ ማታ እኔ እጫወትበታለሁ። ያንተ ይዘምራል፤ የእኛ ይናገራል። አንዳንድ ቀን ሰው ዘፈን ሳይሆን ወሬ ነው የሚያምረው።

እንግዲህ የብረት ክፈፍ እዚህ የሚሸጥልን ሁሉ ዋጋውም ጥራቱም አላማረንም፤ ላይፕሲሽ ይሻላል ብለናል። ሁለት ክፈፍና ሁለት ሙሉ የመዶሻ መደዳ ለመግዛት እኔ እመጣለሁ። በሚመጣው ሐሙስ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ባቡሩ ይገባል። ጣቢያው ድረስ መምጣት ግዴታህ አይደለም፤ ብትመጣ ግን ጥሩ ክፈፍ ከመጥፎው የሚለይ ሰው ያስፈልገኛል።

ስለ ጣቢያ ካነሣሁ ይህንንም ልናገር። የሄድክ ዕለት እኛ ጣቢያ ላይ፣ ባቡሩ ፉጨት ካሰማ በኋላ፣ በመስኮት አንገትህን አውጥተህ አንድ ነገር ብለኸኝ ነበር። እኔ «ኮፍያህን ያዝ፤ ነፋስ አለ» አልኩህ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አልሰማችኝም ብለህ አስበህ ከሆነ፣ ሰምቼሃለሁ። ድምፅ መስማት ሥራዬ ነው። አባቴን ትቼ መሄድ አልቻልኩም፤ አልችልም ማለትም አልቻልኩም፤ ኮፍያው ደግሞ በእውነት ሊወድቅ ነበር።

የለውዝ ኬክ ጋግሬ አመጣለሁ። አግብተህ ከሆነ ለባለቤትህ ስጣት፤ እኔም ሦስት ቀን ብረት ገዝቼ በሰላም እመለሳለሁ። ካላገባህ ሁለት ሹካ ይዘህ ና፤ የምመለስበትን ቀን ተነጋግረን እንወስናለን።

ኦቲሊ
ከ«ዜሊንገር እና ሴት ልጁ»፣ ፒያኖ ሠሪዎች